የእናቴ ሕመም ድባቴ ነው ወይስ የሰፈር ናፍቆት? ንግግርስ እንዴት ሕክምና ይሆናል?

የአራተኛ ፎቅ ልጅ፣ ቱሉ ዲምቱ

እንደምን ሰነበታችሁ። ጉዳዩ የእናቴ ነው። እናቴ 59 ዓመቷ ነው፤ ካዛንቺስ ተወልዳ፣ እዚያው ተድራ፣ አራት ልጆች ወልዳ ያሳደገች ሰው ናት። ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ፣ በዕጣ ደርሶኝ ወደነበረው ቱሉ ዲምቱ ወዳለው ኮንዶሚኒየም ይዣት ገባሁ። ይህ ከሆነ አንድ ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ደኅና ነበረች፤ እንዲያውም መጸዳጃ ቤቱን ከጎረቤት ጋር የማንጋራው በመሆኑ ስትደሰት አይቻታለሁ። ካለፈው ፍልሰታ ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆነችብኝ።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ትነቃለች፤ ከነቃች በኋላ እንቅልፍ አይወስዳትም። ነጠላዋን ተከናንባ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ ከፈጣኑ መንገድ የክፍያ ጣቢያ የሚታየውን መብራት ስትመለከት ይነጋል። ምግቡን "አልወርድ አለኝ" ትላለች፤ ቀሚሶቿ ሁሉ ሰፍተዋታል። ወር በገባ በ22 ኡራኤልን ሳትሳለም የማትውል ሰው፣ አሁን ቀኑን ሳስታውሳት "እስቲ ተዪኝ" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። በኮንትራት ታክሲ ልውሰድሽ ብላትም እሺ አላለችም፤ ስለዚህ የመንገዱ ርቀት ብቻ አይመስለኝም።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ የሲኒዎቹ ነገር ነው። ከካዛንቺስ ስንወጣ አሥራ ሁለቱን ሲኒዎቿን አንድ በአንድ በጋዜጣ ጠቅልላ በዘይት ካርቶን ውስጥ ደረደረቻቸው። ካርቶኑ እስከ ዛሬ ከአልጋው ሥር አልወጣም። ረከቦቱም ከነአቧራው በረንዳ ላይ ተቀምጧል። መጀመሪያ ላይ "መደርደሪያ ይሠራና" ትል ነበር፤ መደርደሪያው ከተሠራ ስምንት ወሩ ነው።

ለሕክምና ያልሄድንበት የለም። ሆዴን ያቃጥለኛል፣ ጭንቅላቴን ይዞ ይጨምቀኛል፣ ሰውነቴን እሳት ይልሰኛል ስለምትል፣ በመጀመሪያው ክሊኒክ ታይፎይድ ነው ተባለ። በሁለተኛው የጨጓራ ባክቴሪያ ነው ተባለና የሁለት ሳምንት መድኃኒት ዋጠች። በሦስተኛው ደግሞ "ነርቭ ነው" ተብሎ መርፌ ተወጋች። በመጨረሻ አንዲት ወጣት ሐኪም ወረቀቶቹን ሁሉ አገላብጣ ካየች በኋላ፣ "ይህ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል የንግግር ሕክምና ወደሚሰጥበት ቦታ ብትወስጃት መልካም ነው" አለችኝ። እናቴ ይህን ስትሰማ "አማኑኤል ልታስገቡኝ ነው? እኔ አብጃለሁ?" ብላ ሁለት ቀን ሙሉ አላናገረችኝም።

ሰው ሰፈሩን ቢናፍቅ፣ ጎረቤቶቹን ቢያጣ ማዘኑ ተፈጥሮ ነው። ታዲያ ናፍቆቱ የት ላይ አብቅቶ በሽታው ከየት ይጀምራል? ሁለተኛው ጥያቄዬ ምናልባት የየዋህ ጥያቄ ይመስል ይሆናል። እናቴን ያልመከራት ሰው የለም። አክስቴ መክራታለች፣ የዕድር ሰዎች መክረዋታል፣ እኔም ሌት ተቀን "አይዞሽ፣ በርቺ" እላታለሁ። ይህ ሁሉ ምክር ያልጠቀማትን ሴት፣ የማታውቀው ሰው ቢሮ ውስጥ አስቀምጦ ቢያነጋግራት ምን የተለየ ነገር ያመጣል?

ሳይካትሪ ነርስ፣ ቃሊቲ

እህቴ፣ ጥያቄዎ የየዋህ አይደለም፤ በሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ከታካሚ ቤተሰብ በተደጋጋሚ የሚቀርብልኝ እሱው ነው። አስቀድሜ ግን እናትዎን ሳላያቸው ድባቴ ነው ወይም አይደለም ልል እንደማልችል ይረዱኝ።

ከቃሉ ልጀምር። በእኛ አነጋገር "ደበረኝ" የሚለው ቃል ለረዘመ ስብሰባም፣ መብራት ለጠፋበት ምሽትም ያገለግላል። ስለዚህ አንድ ሰው "ድብርት አለብኝ" ሲል ሰሚው "ወጣ በል፣ ተናፈስ" ይለዋል። እኔ በሥራዬ "ድባቴ" የሚለውን የምመርጠው ለዚህ ነው። ድባቴ የምንለው፣ ሐዘን ወይም ቀድሞ ደስ ይሉ ለነበሩ ነገሮች ፍላጎት ማጣት ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ በአብዛኛው ቀን፣ ዕለት በዕለት ማለት ይቻላል፣ ሲቆይ ነው። ከእነዚህ ጋር የእንቅልፍ መዛባት፣ የምግብ ፍላጎት መለወጥ፣ ድካም፣ የሰውነት መዝለግለግ ወይም መቁነጥነጥ፣ የከንቱነትና የጥፋተኝነት ስሜት፣ ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻልና የሞት ሐሳብ ይታያሉ። ከዘጠኙ ምልክቶች አምስቱና ከዚያ በላይ ተገኝተው፣ ሰውየውን ከዕለት ኑሮው ካስተጓጎሉት ወደ ሕክምና መምጣት አለበት።

ናፍቆት በሞገድ የሚመጣ ነገር ነው፤ ሲነሣ ይቆርጣል፣ የሰፈር ሰው ሲመጣ ግን ይቀልላል፣ ትዝታው ራሱ ፈገግ ያሰኛል። ድባቴ የናፈቁት ሰው መጥቶ አጠገብ ቢቀመጥም አይለቅም። የቀድሞ ጎረቤት ልትጠይቃቸው ስትመጣ እናትዎ ይፈካሉ ወይስ እንግዳዋ ቶሎ እንድትሄድላቸው ይመኛሉ? መልሱ ብዙ ይነግርዎታል። ሌሊት በ9 ሰዓት ነቅቶ እንቅልፍ ማጣትም እኛ በጥሞና የምናዳምጠው ምልክት ነው።

ስለ ማቃጠሉ ደግሞ፣ እባክዎ "ምንም የለብሽም፣ ሐሳብ ነው" አይበሏቸው። ሕመሙ እውነተኛ ነው። በአገራችን ድባቴ ከአፍ ይልቅ በጨጓራ፣ በራስና በጀርባ በኩል መናገር ይቀናዋል፤ "አዝኛለሁ" ብሎ ወደ ጤና ተቋም የሚመጣ ሰው ጥቂት ነው። በሌላ በኩል የእንቅርት እጢ ሥራ መቀነስ፣ የደም ማነስና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ድባቴን መስለው ስለሚመጡ፣ በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው የደም ምርመራ ሳይደረግለት ወደ መደምደሚያ መሄድ ተገቢ አይደለም።

አማኑኤልን በተመለከተ፣ የሆስፒታሉ ስም በከተማችን እንደ ስድብ ሲነገር ስለኖረ የእናትዎ ድንጋጤ ይገባኛል። ነገር ግን ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. እንዲያገለግል የተዘጋጀው የመጀመሪያው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ዋና ሐሳብ አገልግሎቱን ከልዩ ሆስፒታል አውጥቶ ወደ ጤና ጣቢያ ማውረድ ነበር። በየጤና ጣቢያው እኩል ተዳርሷል አልልም፤ አንዳንዱ ጋ የሠለጠነው ባለሙያ ሲዛወር ክፍሉ ተቆልፎ ይቀራል። ቢሆንም መጀመሪያ ቅርባችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የጤና መድኅን ካላችሁም የሪፈር ወረቀቱ የሚጻፈው ከዚያው ነው።

እዚያ ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ይቀርብላቸዋል። ወደ አማርኛ ተመልሶ በአገራችን ጥናት የተደረገበት ሲሆን፣ ውጤቱ ከ0 እስከ 27 ይደርሳል፤ 10 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ጠለቅ ብለን እንመረምራለን። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ሐሳብ ነው። እርስዎም ቤት ውስጥ በግልጽ ይጠይቋቸው፤ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ ውስጥ አይዘራም፣ ይልቁንም የታፈነውን ያስተነፍሳል። "ራሴን ላጠፋ አስቤአለሁ" የሚል መልስ ቢሰሙ ብቻቸውን አይተዉአቸው፣ መድኃኒትና መርዛማ ነገር ከቤት ያውጡ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።

መድኃኒት ቢታዘዝላቸው፣ ፍሉኦክሴቲንም ሆነ አሚትሪፕቲሊን በተዋጡበት ቀን የሚሠሩ አይደሉም፤ ለውጡ የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘግይቶ ነው። ሱስ አያስይዙም፤ ግን "ተሻለኝ" ተብሎ በድንገት መተው የለባቸውም። ቀላል ለሆነው ድባቴ የንግግር ሕክምና ብቻውን ሊበቃ ይችላል፤ ሲከብድ ሁለቱ አብረው ቢሰጡ ይመረጣል። የንግግር ሕክምናው ከውስጥ ምን እንደሚመስል ያለፈበት ሰው ቢነግርዎ ይሻላል።

ጡረተኛው፣ ቡራዩ

ልጄ፣ የነርሷን ትምህርት አንብቤ አመስግኛለሁ፤ ነገር ግን ሽማግሌ ነኝና አንድ ነገር እንድናገር ፍቀዱልኝ። እናትሽ የታመመችው ሰው አጥታ ነው። እዚያ ሰፈር በሯን ስትከፍት አምስት ሰው "እንደምን አደርሽ" ይላት ነበር፤ እዚህ በሯን ስትከፍት የምታየው ደረጃ ነው። ሰው ለጠፋበት ሰው ሐኪም ማዘዝ፣ ለራበው ሰው መርፌ እንደመውጋት ነው። እኔም ሚስቴን ከቀበርኩ በኋላ ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ ነበርኩ፤ ያነሣኝ የዕድራችን ጸሐፊ ነው፣ መዝገቡን አምጥቶ "ከዛሬ ጀምሮ አንተ ትጽፋለህ" ብሎ ጥሎብኝ ሄደ። ሰው አምጪላት፤ የቀረው ወረቀት ነው።

መምህር ነኝ፣ ለገጣፎ

የጡረተኛውን አባት አስተያየት ካነበብኩ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም፣ ምክንያቱም የዕድሩ ጸሐፊ ያደረገው ነገር እኔ ገንዘብ ከፍዬ ካገኘሁት ሕክምና ጋር እጅግ ይመሳሰላል።

ከአራት ዓመት በፊት ነው። ስልሳ ሁለት የተማሪ ደብተር ለእርማት ወደ ቤት ይዤ ገብቼ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዱንም ሳልገልጥ ቀረሁ። ደብተሮቹን ላለማየት በአንሶላ ሸፈንኳቸው። ጠዋት ከአልጋ ለመነሣት እግሬን መሬት ማስነካት ራሱ ሸክም ሆነብኝ፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ሳቅ በሰማሁ ቁጥር በእኔ የሚስቁ ይመስለኝ ነበር። ባለቤቴ ሰው ጠይቃ ወደ አንድ የምክር አገልግሎት ቢሮ ወሰደችኝ። የተቀበሉኝ ሰው አርባ ደቂቃ ያህል ስለ ራሳቸው ትዳር አጫወቱኝና "ወንድ ልጅ አይደለህም እንዴ፣ ጠንከር በል" ብለው አሰናበቱኝ። ብር ከፍዬ የወጣሁት ከገባሁበት የባሰ አፍሬ ነው። ይህን የምነግርሽ፣ የመጀመሪያው ባለሙያ ካልተስማማችሁ ሕክምናው ራሱ አይሠራም ብለሽ እንዳትደመድሚ ነው።

ሁለተኛዋ የሥነ ልቦና ባለሙያ መገናኛ አካባቢ የምትሠራ ሴት ነበረች። ለሃምሳ ደቂቃ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ በጠቅላላው አሥራ ሁለት ጊዜ ተገናኘን። በመጀመሪያው ቀን ስትጠይቀኝና ስትጽፍ ዋለች እንጂ አንዲት ምክር አልሰጠችኝም። ስወጣ በሠንጠረዥ የተከፋፈለ ወረቀት ሰጠችኝ፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት በየሰዓቱ የሠራሁትን እንድጽፍና በጎኑ ስሜቴን ከ0 እስከ 10 እንድመዝን። እውነቱን ልናገርና ተናደድኩ። ለሌላው ውጤት ስሰጥ የኖርኩት ሰው፣ እንደ ስድስተኛ ክፍል ተማሪ የቤት ሥራ ተሰጠኝ ብዬ።

ከሳምንት በኋላ ወረቀቱን አብረን አየነው። እኔ "ሁሉም ዜሮ ነው" ብያት ነበር። እሷ ግን በእስክሪብቶዋ ጫፍ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ያለችውን አንዲት አራት አሳየችኝ። ምን እንደሠራሁ ትዝ አላለኝም ነበር፤ ከጎኑ የጻፍኩት "ከልጄ ጋር የሳይክሉን ጎማ አስነፋን" የሚል ነበር። "እንግዲህ ሁሉም ዜሮ አይደለም፤ በዚህ ሳምንት ከዚህ አራት ሁለት ጊዜ እንፈልጋለን" አለችኝ። ሥራው ይኸው ነበር። ፍላጎት እስኪመጣ ተኝቶ መጠበቅ ሳይሆን፣ ትንሽ ነገር አስቀድሞ ሠርቶ ፍላጎቱን ከኋላ ማስከተል። ደብተሮቹንም ስልሳ ሁለቱን አልነበረም ያዘዘችኝ፤ በቀን አንድ ብቻ፣ ከአንድ በላይ እንዳላርም ከልክላኝ።

ከአምስተኛው ቀጠሮ በኋላ ወደ ሐሳቦቼ ገባን። የዚህ ዘዴ አባት የሚባለው አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ያስተዋለው፣ ድባቴ የያዘው ሰው ስለ ራሱ፣ ስለ ዓለሙና ስለ ነገው ሳያስበው ብልጭ የሚሉ ክፉ ሐሳቦች እንዳሉትና ሐሳቦቹን እንደ ሐሳብ ሳይሆን እንደ እውነት እንደሚቀበላቸው ነበር። "ተማሪዎቼ ይስቁብኛል" ስላት "አይስቁብህም" አላለችኝም፤ ይህን ባለቤቴም ብላኛለች። "ተማሪ ይህን መልስ ብሎ ቢጽፍልህ ማስረጃ ሳታይ ሙሉ ነጥብ ትሰጠዋለህ?" አለችኝ። በሁለት ዓምድ የሚደግፈውንና የሚቃወመውን እንድጽፍ አደረገች። በደጋፊው ዓምድ ሥር የተገኘው፣ ሁለት ልጆች መስኮት አጠገብ ስቀዋል የሚለው ብቻ ነበር።

ቀጥ ያለ መንገድ አልነበረም። በስድስተኛውና በሰባተኛው ቀጠሮ መካከል ሁሉም ከንቱ መሰለኝ፤ ከለገጣፎ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ቆሜ "ለወሬ ነው ይህን ሁሉ የምደክመው?" ብዬ ሁለት ጊዜ ቀርቻለሁ። ሐኪም ያዘዘልኝን ፍሉኦክሴቲንም እወስድ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አቅለሽልሾኛል፣ በአራተኛው ሳምንት እንቅልፌ ተመለሰ፣ ከዳንኩ በኋላም በሐኪሙ ምክር ዘጠኝ ወር ቀጥዬ ቀስ በቀስ አቆምኩ። የትኛው እንደጠቀመኝ ብትጠይቂኝ ለይቼ አልነግርሽም። ነገር ግን ባለፈው ክረምት ያው ስሜት በር ላይ ሲመጣ ያወጣሁት መድኃኒት ሳይሆን ሠንጠረዡን ነበር።

ስለዚህ እህቴ፣ እናትሽን "ምክር የሚሰጥሽ ሰው ጋ ልውሰድሽ" አትበያት። ምክር ጠግባለች።

ዲያቆን፣ እንጦጦ ሥር

ሰላም ለሁላችሁ። እናታችን የኡራኤል ወዳጅ ስለሆኑ የጸበል ነገር መነሣቱ ስለማይቀር አስቀድሜ ልበል ብዬ ነው። እንጦጦ ለጸበል የሚመጡ፣ የሐኪም መድኃኒታቸውን "እምነት ማጉደል ይሆንብኛል" ብለው የጣሉ ሰዎች አይቻለሁ፤ ከእነርሱም በጣም ታመው የተመለሱ አሉ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጸበል ጋር አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ አስተምረው ነበር። ለድባቴስ ለምን የተለየ ይሆናል?

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባበት አንድ ጉዳይ አለ። "የነፍስ አባት እያለኝ ለሥነ ልቦና ባለሙያ ምን እነግራለሁ?" ይባላል። ሁለቱም ምስጢር ይጠብቃሉ፤ መመሳሰላቸው ግን እዚህ ላይ ያበቃል። ለነፍስ አባት የምንናዘዘው ኃጢአታችንን ነው፤ ድባቴ ኃጢአት አይደለም። ይሁን እንጂ በሽታው ራሱ ሰውን ጥፋተኛ ነህ ስለሚለው፣ ንስሐ የገባበትን ያንኑ ነገር በየሳምንቱ መልሶ የሚናዘዝ ሰው አለ። አስተዋይ ካህን ይህን ሲያይ ቀኖና አይጨምርበትም፤ ወደ ሐኪም ይልከዋል። ምናልባት እናታችን ከልጃቸው ይልቅ የነፍስ አባታቸው "ታከሚ" ቢሏቸው ይሰሙ ይሆናል። በጾም ወቅት የመድኃኒቱን ሰዓትም ለሐኪሙ አስቀድሞ መንገር እንጂ እየዘለሉ መዋጥ አይገባም።

ሳይካትሪ ነርስ፣ ቃሊቲ

ለጡረተኛው አባታችን መልስ ሳልሰጥ ባልፍ ቅር ይለኛል፣ ምክንያቱም ግማሹ ትክክል ነው። የኑሮ ለውጥንና ከሰው መለየትን ዋና ጉዳዩ ያደረገ የንግግር ሕክምና አለ፤ በሰዎች ግንኙነት ላይ ያተኮረ ሕክምና ይባላል። ድባቴው በሐዘን፣ በጠብ፣ በኑሮ ለውጥ ወይም በብቸኝነት የተነሣ መሆኑን ለይቶ ከዚያው ይጀምራል። ሰፈሩ የፈረሰበት ሰው በዚህ ሕክምና መጀመሪያ የሚሠራው የቀረውን ኑሮ ማልቀስ ነው፤ ምን እንዳጣ በስም በስሙ ይቆጥራል፣ ከዚያ በኋላ ነው አዲሱ ቦታ ምን ሊይዝ እንደሚችል የሚታየው። እኛ ቤተሰቦች "እርሺው፣ አዲስ ቤት አለሽ አይደል" እያልን ይህን ለቅሶ እንዘለዋለን።

ይህ ዘዴ በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ ገጠር ተሞክሯል፤ ውጤቱ የታተመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ነው። የአካባቢው ተወላጅ የሆኑ፣ ሐኪም ያልሆኑ ሰዎች ሠልጥነው የሴቶችንና የወንዶችን ቡድን ለየብቻ በየሳምንቱ ለ16 ሳምንት ሲመሩ፣ የተሳታፊዎቹ ድባቴ ሕክምናውን ካላገኙት ጋር ሲነጻጸር በእጅጉ ቀንሷል። ዚምባብዌ ውስጥ ደግሞ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 በሐራሬ አሮጊቶችን አሠልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡ። ሕመምተኛው እዚያ ተቀምጦ ከአያቲቱ ጋር ከችግሮቹ አንዱን ይመርጣል፣ መፍትሔ ያወጣል፣ ሞክሮ ተመልሶ ይመጣል። በሾና ቋንቋ ሕመሙን የሚጠሩበት "ኩፉንጊሲሳ" የሚለው ቃል ከመጠን በላይ ማሰብ ማለት ነው፤ "ሐሳብ በላኝ" ከሚለው የእኛ አነጋገር ብዙ አይርቅም።

ስለዚህ አባቴ፣ ሰው ያስፈልጋል ማለትዎ እውነት ነው። እኔ የምጨምረው ድባቴ የያዘው ሰው የመጣለትን ሰው መቀበያ አቅሙ እንደሚደክም ነው። የዕድሩ ጸሐፊ እርስዎ ጋ የመጣው በዓመቱ ነው፤ በሁለተኛው ወር መዝገቡን ቢጥልብዎ ኖሮ ምናልባት ሳይገለጥ ይመለስ ነበር።

ጡረተኛው፣ ቡራዩ

በሁለተኛውስ ወር መጥቶ ነበር። በር አልከፈትኩለትም።

የአራተኛ ፎቅ ልጅ፣ ቱሉ ዲምቱ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከጻፍኩ ሦስት ሳምንት ስለሆነ የደረስንበትን ልንገራችሁ። ዲያቆኑ እንዳሉት የነፍስ አባቷ ጋ ስልክ ደወልኩ፤ እሳቸው ራሳቸው ደውለው "የሆድሽን ሕመም ለሐኪም ስታሳዪ ያላፈርሽ፣ የሐሳብሽን ሕመም ስታሳዪ ለምን ታፍሪያለሽ?" አሏት። በማግስቱ ሳልለምናት ነጠላዋን አጥፋ ጠበቀችኝ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ዘጠኙን ጥያቄዎች የጠየቀቻት ባለሙያ ሴት ናት። ውጤቷ 16 ሆነ። ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ እናቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አለችና "እንዲወስደኝ ሌሊት እለምነዋለሁ፤ በገዛ እጄስ አላደርገውም" አለች። አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። በአንድ ክፍል እየተኛን ይህን ሰምቼ አላውቅም። ባለሙያዋ አልደነገጠችም፤ ሌሊቱ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚከብዳት፣ ያኔ ማንን መቀስቀስ እንደምትችል ብቻ ጠየቀቻት። አሁን 9 ሰዓት ላይ ስትነቃ እኔን ትቀሰቅሰኛለች፣ ስምምነታችን ነው። የደም ምርመራው ውስጥ የእንቅርቱ ውጤት ደኅና ሆኖ፣ የደም ማነስ ተገኘባትና የብረት እንክብል ታዘዘላት። ፍሉኦክሴቲኑን ጠዋት ጠዋት ትወስዳለች፤ አሥራ ሁለተኛ ቀኗ ስለሆነ ገና ለውጥ አላየሁም፣ ነርሷ ባትነግረኝ ኖሮ እስካሁን አስቁሜው ነበር።

እናቴ መጻፍ ብዙም ስለማትወድ ሠንጠረዡን በሽምብራ ቀይረውላታል። በየምሽቱ እንደ ቀኑ ሁኔታ ከዜሮ እስከ አሥር ፍሬ በብርጭቆ ውስጥ ታስቀምጣለች፤ እኔ ቆጥሬ እጽፋለሁ። የመጀመሪያው የቤት ሥራዋ በቀን አንድ ጊዜ ከአራተኛ ፎቅ ወርዳ ከታች ለአሥር ደቂቃ ተቀምጣ መመለስ ነው። ሁለት ቀን ወረደች፣ በሦስተኛው ቀን "ጉልበቴን" ብላ ቀረች፣ በአራተኛው ወረደች። ከታች በርበሬ ያሰጣች አንዲት ሴት "እትዬ፣ ልጄን ከትምህርት ቤት እስካመጣው ፍየል እንዳያስነኩብኝ" ብላት ሄዳ፣ እናቴ አንድ ሰዓት ያህል በዱላ ስትጠብቅ ቆይታለች። ስትመለስ በጣም ተቆጥታ ነበር፣ ሴትዮዋ ዘገየች ብላ። የዚያን ቀን ብርጭቆው ውስጥ ሦስት ሽምብራ ነበር፤ ከዚያ በፊት ከአንድ በልጦ አያውቅም።

የሲኒውን ካርቶን እኔ ከፍቼ መደርደሪያው ላይ ላድርግላት ወይ ብዬ ባለሙያዋን ጠይቄ ነበር። "የእሳቸው ሲኒ ነው፤ ይቆይ" አለችኝ። ቀጠሯችን ሐሙስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው።